ጉማሬው የማን ነው? የአደን ሕጋችን ለውጭ እንግዳና ለአገሬው ሰው ያስቀመጠው መንገድ

በየጊዜው አንድ ዓይነት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይዞራል። አንድ የውጭ ሰው ጠመንጃውን ይዞ፣ ቀንዱ ከተጠማዘዘ የደጋ አጋዘን ጎን ተንበርክኮ ፈገግ ብሎ ይታያል። ከሥሩ ኮሜንቱ ይጎርፋል። "አገሪቷን ሸጧት" የሚል አለ። "ፎቶሾፕ ነው ባካችሁ" የሚል አለ። "እኛ አንድ ድኩላ ብንገድል እንታሰራለን፣ እሱ ግን ገድሎ ፎቶ ይነሳል" የሚልም አይጠፋም።

የመጀመሪያው ስሜት ነው፣ እንለፈው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ዜጋ በሕግ ፈቃድ አውጥቶ ያድናል፣ ድብቅ ነገርም አይደለም። ሦስተኛው ግን ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ዛሬ እሱን ነው ፈታተን የምናየው። ሕጉ ምን ይላል? እንግዳው በየት በኩል ነው የሚገባው? ገንዘቡ የት ይደርሳል? ደግሞም ከባሕር ዳር የምንጽፍ እንደመሆናችን፣ ይሄ ነገር ጣና ላይ ምን መልክ እንዳለው እናያለን። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ በኋላ ማንበብ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፦ የዱር እንስሳ ባለቤት ማነው?

ከዚህ ካልጀመርን ሁሉም ነገር ይምታታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የዱር እንስሳም እዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በማሳችሁ መሐል የሚያልፍ ድኩላ የእናንተ አይደለም። ሌሊት ከጣና ወጥቶ በቆሏችሁን የሚግጠው ጉማሬም የእናንተ አይደለም። በቆሎው ግን የእናንተ ነው። ይቺን ነጥብ ያዟት፣ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ክልሎች ደግሞ በዚያ ሕግ መሠረት ሀብቱን ያስተዳድራሉ። ዘመናዊው የአደን ሥርዓት በዋናነት የቆመው በ1999 ዓ.ም በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 እና በ2001 ዓ.ም በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ላይ ነው። በፌዴራል ደረጃ ነገሩን የያዘው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን እሱም በ2000 ዓ.ም በአዋጅ ነው የተቋቋመው።

ከዚያ በፊትስ ሕግ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ። ግን በድሮው ዘመን አደን ከሁሉም በፊት የክብር ጉዳይ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የጣለ ሰው "ገዳይ" ይባላል፣ ይፎከርለታል፣ ይሸለማል። የቤተ መንግሥት ሰዎችና መኳንንቱ ያድናሉ፣ ባላገሩም በአካባቢው ልማድ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1944 ንጉሣዊው መንግሥት የአደን እንስሳትን የሚመለከት አዋጅ አወጣ። በ1960ዎቹ ደግሞ (አሁንም እንደ አውሮፓውያን ቆጠራ) የዩኔስኮ ባለሙያዎች መጥተው አጥንተው ከሄዱ በኋላ እነ አዋሽ፣ እነ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ሆኑ። ሰሜን በ1969 ነው በሕግ የተከለለው። ከዚያ ወዲህ አደን ማለት ፈቃድ ማለት ሆነ። ፈቃድ የሌለው አደን፣ በጦርም ይሁን በወጥመድም ይሁን በጠመንጃ፣ ሕገወጥ ነው። አለቀ።

እንግዳው እንዴት ያድናል?

የውጭ አዳኝ ቦሌ ወርዶ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ፈለገው ጫካ አይሄድም። መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ካለው የአደን አስጎብኚ ድርጅት ጋር ይዋዋላል። ድርጅቱ በመንግሥት የተፈቀደለት "ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ" አለው። ይሄ ቀበሌ ስንል የምናውቀው የመስተዳድር ቀበሌ አይደለም፣ ለአደን ተብሎ የተከለለ ሰፊ ቦታ ነው። ለየቀበሌው በዓመት ምን ያህል እንስሳ መታደን እንደሚችል ኮታ ይወጣል። አዳኙ ብቻውን አይገባም፤ ሙያ ፈቃድ ያለው አዳኝ ከጎኑ ይሆናል፣ የመንግሥት ስካውትም አብሮ ይሄዳል። የሚፈለገው በዕድሜ የገፋና ቀንዱ የረዘመ ወንድ ነው፤ ሴትና ግልገል አይነካም። ሐሳቡ፣ ያረጀው ወንድ ቢቀነስ መንጋው አይጎዳም የሚል ነው።

ቦታዎቹ በአብዛኛው ኦሮሚያ ውስጥ አርሲና ባሌ ደጋ ላይ ናቸው፤ ሙኔሳ፣ አርባ ጉጉ፣ ኦዶ ቡሉ፣ አባሼባ ደመሮ የሚባሉትን መጥቀስ ይቻላል። አፋርና ደቡብ ኦሞ አካባቢም አሉ። በጣና ዙሪያ እንዲህ ዓይነት የአደን ቀበሌ የለም። ስለዚህ ያ ፎቶ ሲዞር "ይሄ እኛ ጋ ነው" የሚል ኮሜንት ካያችሁ አትመኑ።

ዓለም ኢትዮጵያን የሚፈልጋት በዋናነት ለአንድ እንስሳ ነው፤ ለደጋ አጋዘን። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ጋደምሳ ይሉታል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። የውጭው ሳይንስ ያወቀው እንኳ በቅርብ ነው፤ አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ቆዳና ቀንዱን ወደ ለንደን ከወሰደ በኋላ በ1910 ነው ሳይንሳዊ ስም የወጣለት። (የአርሲና የባሌ ሰው ግን መቼም ሲያየው ኖሯል። ስሙን ለማውጣት መገደሉ የግድ ነበር ወይ ብለን መጠየቃችን አልቀረም።) ዛሬ ቁጥሩ ጥቂት ሺህ ብቻ ነው፣ በዓለም አቀፉ መዝገብም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል።

ዋጋውስ?

በደንብ ቁጥር 163 የዋጋ ሠንጠረዥ አንድ የደጋ አጋዘን ለውጭ ዜጋ 15,000 የአሜሪካ ዶላር ተብሎ ነበር የተቀመጠው። ይሄ ለመንግሥት የሚገባው የእንስሳው ክፍያ ብቻ ነው። የድርጅቱ፣ የካምፑ፣ የመኪናው፣ የሙያተኛው ሲጨመር አጠቃላይ ወጪው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለኢትዮጵያዊ የተቀመጠው ዋጋ የተለየ ነው።

"ታዲያ አድልዎ ነው? ለእንግዳ በጣም ውድ፣ ለአገሬው የተለየ" የሚል ካለ፣ ይሄ ክርክር እኛ ጋ አልተጀመረም። አሜሪካ ውስጥ የሞንታና ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976 ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የራሷን ነዋሪ 9 ዶላር ታስከፍል ነበር። ከሌላ ግዛት የመጣው ግን ኤልክን ለብቻው ማግኘት አይችልም፣ ሌላውንም እንስሳ አጠቃሎ የያዘውን የ225 ዶላር ፈቃድ ካልገዛ አያድንም። ከሚኒሶታ የሚመጡ አዳኞችና አንድ የሞንታና አዳኝ መሪ ተሰብስበው ከሰሱ። መሬቱ እኮ የሁሉም አሜሪካዊ ነው፣ ብዙው ጫካ የፌዴራል ነው፣ ለምን እንለያያለን አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው፤ ለመዝናናት ማደን መሠረታዊ መብት አይደለም፣ ግዛቷ ለነዋሪዋ ብታደላ ትችላለች ተባለ። ዋዮሚንግ የምትባለው ግዛት ደግሞ እስከዛሬ፣ ከውጭ የመጣ ሰው በተከለለ ጥብቅ ዱር ውስጥ ትልልቅ እንስሳ ለማደን ከፈለገ አስጎብኚ መያዝ አለበት ትላለች። ነዋሪው ብቻውን ይገባል። ነገሩ ብዙ ተጎትቶ በ2005 የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ ግዛቶች ነዋሪንና ነዋሪ ያልሆነን መለየት ይችላሉ ብሎ በሕግ አጸናው።

ልዩነቱን አያችሁት? እዚያ የሚያማርረው ከውጭ የመጣው ነው። ነዋሪው በርካሽ ይገባል፣ ሥጋውን ለቤቱ ይወስዳል፣ የሚጮኸው እንግዳው ነው። እኛ ጋ ግን እንግዳው አይጮህም፤ ዋጋው ውድ ቢሆንም በሩ ለእሱ ክፍት ነው። ያልተከፈተው ለጎረቤቱ ነው።

"ኢትዮጵያዊም እኮ ፈቃድ ማውጣት ይችላል" ልትሉ ትችላላችሁ። በወረቀት ልክ ናችሁ። በተግባር ግን እንየው። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ እሱ ራሱ በ2012 ዓ.ም በወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ጠበቅ ያለ ነገር ሆኗል። የአደን ቀበሌዎቹ ሥራ የተደራጀው በውጭ ምንዛሪ በሚከፍል ደንበኛ ዙሪያ ነው። አዲስ አበባ ያለ ገንዘብ የተረፈው ሰው ምናልባት ይሳካለት ይሆናል። አርሲ ተራራ ሥር ገብስ የሚዘራው፣ አጋዘኑ በየሌሊቱ ገብሱን የሚበላበት ሰውዬ ግን ቢሮ ገብቶ "አንዱን ለእኔ ፈቃድ ስጡኝ" ሲል አስቡት።

ስለዚህ እኛ የምናምነው ይሄንን ነው፦ የአደን ሕግ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ የሚለካው እንግዳው ከአገሬው ስንት እጥፍ ከፈለ በሚል አይደለም። ይክፈል፣ እንዲያውም ይጨምር። መለኪያው ከእንስሳው ጋር ለሚያድረው ሰው ምን ደረሰው የሚለው ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ከአደን የሚገኘው ክፍያ በፌዴራልና በክልል ይካፈላል፤ 85 በመቶው እንስሳው ለታደነበት ክልል፣ 15 በመቶው ለፌዴራል ነው። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ግን "ክልል" ማለት ክልል ነው። ቢሮ ማለት ነው። ከክልሉ ካዝና ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደዚያ ገብስ ወደሚዘራው ሰውዬ ቀበሌ የሚወርደው በየክልሉ አሠራር ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም ቀጭን ነው። የአደን ቀበሌዎቹ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ይሄው ነው፤ ነዋሪው መኪና ሲያልፍ ያያል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ገንዘቡን አያይም።

እዚህ ላይ ደስ የሚል መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ኢትዮጵያ መጥተው ያደኑ ወይም ሊመጡ የሚያስቡ ከ200 በላይ የውጭ አዳኞችን ጠይቆ ነበር። ገንዘባቸው ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚደርስ ከሆነ የበለጠ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከፋዩ ራሱ ለነዋሪው ይድረስ እያለ ነው። እንዴ! ታዲያ መሐል ላይ የቀረው ምንድነው?

አሁን ወደ ጣና

ባሕር ዳር መጥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ጣናን በፎቶ ያውቀዋል። ደሴቶቹ፣ ገዳማቱ፣ የደንገል ታንኳው። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ በጀልባ ጎብኚ የሚወሰደው ጉማሬ ለማየት ነው። ጉማሬው ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ ሁሉም ስልኩን ያወጣል።

ጉማሬውን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ግን ስልክ ሳይኖር ነበሩ። በተለምዶ "ወይጦ" ይባላሉ። ብዙዎቹ ስሙን እንደ ስድብ ስለሚሰሙት "ነገደ" መባልን ይመርጣሉ፣ እኛም እንደዚያው እንላለን። ነገደዎች ለብዙ ዘመን የጣና ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። በደንገል ታንኳ ቀርበው በጦር ይወጉታል። ከአዞ ባልተናነሰ አደገኛ ከሆነ እንስሳ ጋር፣ ከቄጠማ በተሠራ ነገር ላይ ሆኖ! ሥጋውን ይበሉታል፣ ቆዳው ለጋሻና ለአለንጋ ይሸጣል። ያ አለንጋ የገዢውም የነጋዴውም እጅ ላይ ነበር። ሥጋውን ግን ማንም አይበላም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጸየፈዋል። በዚህ ምክንያት ነገደዎች እስልምናን ይዘው እንኳ "እናንተማ ጉማሬ በሊታዎች" እየተባሉ ተገፍተው ኖረዋል። ሰው የእጃቸውን ሥራ እየገዛ ከእነሱ ጋር አይበላም ነበር። ድሮ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አጥኚዎች ሲመጡ ግን አማርኛ ነው ያገኙት። ቋንቋው ጠፍቷል።

ከዚያ ሕጉ መጣ። አደን በፈቃድ ሆነ፤ ጉማሬውም በቁጥር እየሳሳ ሄደ። ነገደዎች ጦራቸውን አስቀመጡ። በምትኩ ምን ተሰጣቸው? እኛ እንደምናውቀው ምንም። ወደ ዓሣ፣ ወደ ታንኳ ሥራ፣ ወደ ደንገል ምንጣፍና ሰፌድ፣ ወደ ቀን ሥራ ዞሩ። ባሕር ዳር ስታድግ ደግሞ የሐይቁ ዳር ውድ ሆነ። ሆቴል፣ ሎጅ፣ መናፈሻ መጣ። ከዳር ወደ ዳር እየተገፉ ሰፈር የቀየሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከሐይቅ የሚኖርን ሰው ከሐይቅ ማራቅ ማለት፣ ገበሬን ያለ መሬት እንደማስቀረት ነው።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። "ጉማሬ ማደን ይፈቀድላቸው" እያልን አይደለም። ጣና ውስጥ ያለው ጉማሬ ያን ያህል የተትረፈረፈ አይደለም፣ አደን ቢከፈት ማንም በልክ አይይዘውም። ክልከላው ትክክል ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሕጉ ለባሌው የውጭ አዳኝ ሙሉ መንገድ ጽፎለታል፤ ኮታ፣ ዋጋ፣ ሙያተኛ፣ ስካውት። ለዘመናት በዚያው ሙያ የኖረው የአገሬው አዳኝ ግን ሲከለከል አማራጭ አልተጻፈለትም። ለጎብኚ ጉማሬ የሚያሳይ ጀልባ ላይ ጉማሬውን በአተነፋፈሱ የሚለይ ነገደ አስጎብኚ ለምን የለም? የጉማሬ ስካውት ቢቀጠር መጀመሪያ ማን ነበር መቀጠር የነበረበት? ይሄ በጀት የሚጠይቅ ትልቅ ነገር አይደለም። ማሰብ ነው የጎደለው።

ገበሬውም አለ። በሐይቁና በዓባይ ዳር ያለው ማሳ ላይ ጉማሬ ሌሊት ይወጣል። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ያገኘውን ይግጣል። አንድ ጉማሬ በአንድ ሌሊት የሚያጠፋው የአንድ ቤተሰብን ወራት ነው። ገበሬው ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያድራል። ቅድም ያዟት ያልናችሁ ነጥብ ይቺ ናት፦ ጉማሬው የሁላችንም፣ ኪሳራው የእሱ ብቻ።

ዓሣውስ? እሱም አደን ነው

ጣና ላይ ዛሬ "ማን ያውጣ፣ ማን አያውጣ" የሚለው ጥል ያለው ጉማሬ ላይ ሳይሆን ዓሣ ላይ ነው። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም ድረስ ዓሣ የሚወጣው በደንገል ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ ይዞ አንድ የልማት ፕሮጀክት ገባ። ዓሣው ወደ ከተማ፣ ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመረ። ጥሩ ነበር፣ ገቢ መጣ። ግን ጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ ልዩ ነው፤ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹ የትም ዓለም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ ወንዝ ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ወንዝ አፍ ላይ ሲቆሙ መረብ የጣለ ሰው አንድ ትውልድ ነው የሚያፍሰው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓሦች 75 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ሕጉ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም ወጣ፤ የአማራ ክልልም እ.ኤ.አ. በ2003 የራሱን አዋጅ ቁጥር 92 አወጣ። ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ይኑረው፣ መረብና ወቅት ይወሰን ተባለ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው።

ወረቀቱ አለ። ሐይቁ ላይ ግን ጣት መጠቋቆም ነው። በማኅበር የተደራጀው አስጋሪ "ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ልጆች በቀጭን የላስቲክ መረብ ፈጁት" ይላል። ሥራ ያጣው ወጣት ደግሞ "ሐይቁ የነሱ ብቻ ነው እንዴ? የሕዝብ አይደል?" ይላል። የወንዝ ዳር ገበሬው በክረምት ወንዝ ዘግቶ ወይም የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ በትኖ ዓሣ ያሰክራል፤ ሲጠየቅ "ሐይቅ ላይ ያሉት በሞተር ሲያወጡ ማን ጠየቃቸው" ይላል። ሁሉም ከውጭ መጣ የሚለው ሌላ ሰው አለው። ታንኳ ይዞ ለእራቱ የሚያወጣው ነገደ ከሁሉም ቀድሞ እዚያ ነበር፣ ግን ፈቃድ፣ ማኅበር፣ ብድር ሲባል ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

እኛ "የተወለደ ብቻ ያስግር" በሚለው አንስማማም። እሱ ነገ ወደ ሌላ ጣጣ ይወስዳል፤ ጣና ዙሪያ ማን "እንግዳ" ማን "ባለቤት" ነው ብሎ መቁጠር ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ግን የሞንታናው ዳኝነት የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ መንግሥት ነዋሪን ማስቀደም ይችላል፣ ካስቀደመ ግን በግልጽ ዋጋና በግልጽ ቁጥር ጽፎ ነው። ወንዝ አፍ ላይ በክረምት ለሁሉም መዝጋት፣ ለታንኳ የዳሩን ውሃ መተው፣ ሞተሩን ወደ መሐል ማራቅ ይቻላል። እንዲህ ቢሆን ማን የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፣ የያዘው ጀልባ ይበቃል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ሙሉ በሙሉ ዘጋች፣ እስከዛሬም አልከፈተችም። ቦትስዋና በ2014 ዘግታ በ2019 መልሳ ከፈተች፤ አንዱ ምክንያት ዝሆን ማሳ እያወደመብን ነው ያሉ ገበሬዎች ድምፅ ነበር። ናሚቢያ በ1996 ሕጓን ቀይራ፣ ተደራጅተው ወሰናቸውን ያስመዘገቡ ማኅበረሰቦች በመሬታቸው ካለው የዱር እንስሳ ራሳቸው እንዲጠቀሙ አደረገች። እንግዳው አዳኝ ሲመጣ ከማኅበረሰቡ ጋር ይዋዋላል፣ ክፍያው ለእነሱ ይገባል፣ ሥጋውም እዚያው ይከፋፈላል። የናሚቢያው ፍጹም አይደለም፣ እዚያም ኮሚቴ ገንዘብ በላ የሚል ጭቅጭቅ አለ። ቢያንስ ግን ጭቅጭቁ መንደሩ ውስጥ ነው፣ ገንዘቡ መጥቷልና።

እኛ ጋ አደኑን መዝጋት ይሻላል የሚሉ አሉ። ስሜቱ ይገባናል። ነገር ግን አደን በቀረበት ተራራ ላይ የሚተካው ፓርክ ሳይሆን ብዙ ጊዜ እርሻና ከብት ነው፤ አጋዘኑ ደግሞ ከጥይት ይልቅ የሚያልቀው በጫካው መመንጠር ነው። ስለዚህ እኛ ቢከፈት ይሻላል ከሚሉት ጋር ነን፤ የ85 በመቶው መንገድ እስከ መንደር ከተጻፈ ብቻ።

ለመጠየቅ ለምትፈልጉ

የአደን ቀበሌ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ለወረዳችሁ ልታቀርቡት የምትችሉት ቀላል ጥያቄ አለ፦ ባለፈው ዓመት ከዚህ ቦታ ስንት እንስሳ ታደነ፣ ክልሉ ስንት ተቀበለ፣ ለዚህ ቀበሌ ስንቱ ወረደ? ሦስት ቁጥር ነው። ኮታውንና የወቅቱን የዋጋ ሠንጠረዥ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋ መጠየቅ ይቻላል።

ጣና ዙሪያ የምትኖሩ ደግሞ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ ወይም ብርብራ ካያችሁ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ፎቶ ስታነሱ የሰው ፊት አታካትቱ፣ ቦታውና ቀኑ ይበቃል። ጉማሬ ማሳ ውስጥ ካገኛችሁ አትጠጉት፣ በእሱና በውሃው መሐል ፈጽሞ አትቁሙ፤ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፣ መንገዱ ላይ ያለውን አይለይም።

የጀልባ ጉብኝት የምትሠሩ ልጆችም ብዙዎቻችሁ ይሄን ገጽ እንደምትከታተሉ እናውቃለን። የጎብኚው ቁጥር እንደድሮው እንዳልሆነ እንረዳለን። ግን በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ነገደ ሽማግሌ አብሯችሁ ቢሳፈር፣ ጉማሬው የት ብቅ እንደሚል ከማንም በፊት የሚያሳያችሁ እሱ ነው። የቀን አበሉን መክፈል እንዳትረሱ።